ከማሰራጫ ማማ እስከ ኢንተርኔት፦ የቴሌቪዥን ዝግጅት ቅርጹን ከየት ያገኛል?

[ምስል፦ የቀጥታ ስርጭት መቆጣጠሪያ ክፍል፤ ግድግዳውን የሞሉ ስክሪኖች]

የምሽቱ ዜና ሊጀምር አንድ ደቂቃ ቀርቶታል። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ጨለም ያለ ነው፤ ግድግዳውን የሞሉት ስክሪኖች እያንዳንዳቸው አንድ ካሜራ የሚያየውን ያሳያሉ። ዳይሬክተሩ ዓይኑን ከስክሪኖቹ ሳይነቅል በጆሮ ማዳመጫ ለካሜራ ባለሙያዎቹ ይናገራል። አጠገቡ የተቀመጠችው ባለሙያ ጣቶቿን ምስል መቀያየሪያው ላይ አሳርፋ ትእዛዝ ትጠብቃለች። ከእርሷ ቀጥላ ያለችው ሥራዋ ሰዓት መቁጠር ብቻ ነው፤ ይህ ዘገባ 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ፣ ያኛው 2 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ እያለች ትደምራለች፣ ትቀንሳለች። ስቱዲዮ ውስጥ፣ ከካሜራዎቹ በአንዱ ላይ ያለችው ትንሽ ቀይ መብራት ስትበራ፣ አቅራቢው የትኛውን ካሜራ ማየት እንዳለበት ያውቃል። አየር ላይ ናቸው።

አንዱ ዘገባ 20 ሰከንድ ከረዘመ ሌላው 20 ሰከንድ ማጠር አለበት። ቀጣዩ ዝግጅት በተባለው ሰዓት ይጀምራልና ምርጫ የለም። በዚህ ክፍል ውስጥ ዳይሬክተሩንም የሚያዝዘው ሰዓቱ ነው።

ስለ ቴሌቪዥን ስናወራ ብዙውን ጊዜ የምናነሣው ተዋናዮቹን፣ ታሪኩንና አቅራቢዎቹን ነው። አንድ ዝግጅት ስንት ደቂቃ እንደሚረዝም፣ ታሪኩ የት ቦታ ላይ እንደሚቋረጥ፣ ማን ከየት እንደሚከፈለው የሚወስነው ግን በአብዛኛው ወደ ተመልካቹ የሚደርስበት መንገድ ነው። መንገዱ በተለወጠ ቁጥር ዝግጅቱም ይለወጣል። ዛሬ የምናየው ይህንኑ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

[ምስል፦ የጥንት ጥቁርና ነጭ ስርጭት]

ቢቢሲ መደበኛ የቴሌቪዥን ስርጭቱን ከለንደኑ አሌክሳንድራ ፓላስ የጀመረው ኖቬምበር 2 ቀን 1936 ነበር። በዚያ ዘመንና ከዚያም በኋላ ለሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ አብዛኛው ዝግጅት በቀጥታ ይተላለፍ ነበር፤ ድራማው ሳይቀር። ተዋናዩ ቃሉን ቢረሳ፣ በሩ አልከፈት ቢል፣ ተመልካቹ ሁሉ ያየዋል። ያንን ዝግጅት ለማስቀረት ዋናው መንገድ የፊልም ካሜራ ስክሪን ፊት አቁሞ ከስክሪኑ ላይ መቅረጽ ነበር። የሚገኘው ምስልም ደብዛዛ ነበር።

በ1951 በአሜሪካ ዴሲሉ የተባለው ኩባንያ አንድ ኮሜዲ ሲያዘጋጅ ሌላ ዘዴ መረጠ። ሦስት የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ካሜራዎችን በአንድ ጊዜ አሠርቶ፣ ስቱዲዮ ውስጥ በተቀመጡ ተመልካቾች ፊት ቀረጸ። ውጤቱ ጥራት ያለው ፊልም ስለሆነ ደግሞ ሊታይ፣ ለሌላ ጣቢያ ሊሸጥ ቻለ። አንድ ጊዜ የተሠራ ሥራ ለብዙ ዓመታት ገቢ ያስገኛል የሚለው አሠራር እንዲህ እየጠነከረ መጣ። ይህን ነጥብ ያዙት፤ ወደ ኋላ ላይ የጸሐፊዎችን ደመወዝ ስናነሣ ያስፈልገናል።

ከዚያ የቪዲዮ ቴፕ መጣ። አምፔክስ የተባለው ኩባንያ በ1956 ይፋ ያደረገው መቅጃ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ባለው ቴፕ የሚሠራ ነበር፤ ምስሉን የሚጽፉት አራት ጭንቅላቶች የተተከሉበት ጎማ በሰከንድ 240 ጊዜ ይሽከረከራል። ኖቬምበር 30 ቀን 1956 የአሜሪካው ጣቢያ ሲቢኤስ ከኒውዮርክ የሚተላለፈውን የምሽት ዜና ሆሊውድ ላይ በቴፕ ቀድቶ፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ ለምዕራቡ ጠረፍ አስተላለፈ። የምዕራቡ ተመልካች ከሥራ ወጥቶ ቤቱ ሲገባ ዜናው ገና እየጀመረ ነበር። ዝግጅት የሚሠራበት ሰዓትና የሚታይበት ሰዓት መለያየት የጀመሩት እዚህ ላይ ነው።

ቴፕ ግን ውድ ነበር። ስለዚህ ጣቢያዎች በላዩ ላይ ያለውን እያጠፉ ደጋግመው ይቀዱበት ነበር። ቢቢሲ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በዚህ መንገድ ብዙ ድራማና ኮሜዲ አጥፍቷል። የአንድ ትውልድ ተዋናዮችና ጸሐፊዎች ድካም ለባዶ ቴፕ ሲባል ጠፍቶ መቅረቱ ዛሬም ያንገበግባል።

[ምስል፦ የሳምንት የዝግጅት ሰንጠረዥ]

እስቲ አሁን ከስቱዲዮ ወጥተን የዝግጅት ሰንጠረዥ ወደሚወጣበት ቢሮ እንግባ። የንግድ ጣቢያ የሚሸጠው ዝግጅቱን አይደለም፤ ዝግጅቱን የሚመለከተውን ሰው ጊዜ ለማስታወቂያ አስነጋሪዎች ይሸጣል። በአሜሪካ ውዱ ጊዜ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ያለው ነው። የሰንጠረዥ አውጪው ጥበብም ተመልካቹ ከተቀመጠበት እንዳይነሣ ማድረግ ነው። ገና ያልታወቀ አዲስ ድራማ፣ ሰው በጉጉት በሚጠብቃቸው ሁለት ዝግጅቶች መካከል ይገባል። ተፎካካሪው ጣቢያ እግር ኳስ ሲያሳይ እግር ኳስ የማይወደውን ሰው የሚስብ ነገር ይቀርባል። የማለዳው፣ የቀትሩና የሌሊቱ ዝግጅት የየራሱ ተመልካች አለው።

ማስታወቂያው ታሪኩ ውስጥ ገብቶ ይሠራል። በአሜሪካ የግማሽ ሰዓት ኮሜዲ በእርግጥ የሚረዝመው 22 ደቂቃ ገደማ ነው፤ የቀረው የማስታወቂያ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ታሪኩን በክፍልፋዮች ይሠራል፤ ከእያንዳንዱ እረፍት በፊት አንድ ጥያቄ አንጠልጥሎ ይተዋል፤ ሰው ቻናል እንዳይቀይር። ይህ ሥነ ሥርዓት ጸሐፊዎችን አሥሯል የሚሉ አሉ። እኔ በበኩሌ ጥሩ አስተማሪ ነበር እላለሁ። በ22 ደቂቃ ውስጥ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ያለው ታሪክ መንገር ትርፍ ቃል አያስተርፍም።

ሰዓቱ ከጣቢያው እጅ መውጣት የጀመረው ከኢንተርኔት በፊት ነው። ሶኒ በ1975 የቤት ውስጥ ቪዲዮ መቅጃውን ቤታማክስን አወጣ። የፊልም ኩባንያዎች ከሰሱት፤ በ1984 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰው በኋላ ለማየት ብሎ ቤቱ ውስጥ መቅዳቱ ሕጋዊ ነው ሲል 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ወሰነ። በ1999 ቲቮ የተባለው ኩባንያ በሃርድ ዲስክ የሚቀዳ መሣሪያ ይዞ መጣ፤ ማስታወቂያ መዝለልም ቀላል ሆነ።

[ምስል፦ አንድ ምስል በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ሲከፋፈል]

ስርጭቱ ራሱም ከአናሎግ ወደ ዲጂታል ተለወጠ፤ ዲጂታል ምንድን ነው የሚለውን በቅርበት እንየው። በአውሮፓና በብዙ የዓለም ክፍሎች የተሠራበት አናሎግ ቴሌቪዥን ምስሉን በ625 መስመሮች ከፍሎ በሰከንድ 25 ምስል ይልካል። አቅራቢው ባይንቀሳቀስም፣ ከኋላው ያለው ግድግዳ ባይለወጥም፣ ግድግዳው በየምስሉ እንደገና ይላካል። ዲጂታል ይህን ድግግሞሽ ያስቀራል። መጀመሪያ ሙሉ ምስል ይልካል፤ ከዚያ በኋላ በአብዛኛው የተለወጠውን ብቻ ይልካል፤ የአቅራቢው ከንፈር፣ የእጁ እንቅስቃሴ። በዚህ ምክንያት ቀድሞ አንድ ጣቢያ ብቻ የሚይዘው ፍሪኩዌንሲ ብዙ ጣቢያዎችን መሸከም ቻለ።

በጣም የሚያስደንቀኝ ደግሞ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ያሉ ጣቢያዎች አቅም የሚበዳደሩ መሆናቸው ነው። በአንዱ እግር ኳስ፣ በሌላው ሁለት ሰዎች ተቀምጠው የሚወያዩበት ዝግጅት አለ እንበል። ኳሱ ሲሮጥ፣ ካሜራው ሲዞር፣ ሣሩና ሕዝቡ ሁሉ ሲለዋወጥ፣ ማሽኑ ከውይይቱ ላይ ትንሽ አቅም ወስዶ ለኳሱ ይሰጣል። በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ የሚደረግ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም።

ዲጂታል የራሱ ጠባይም አለው። አናሎግ ሲዳከም ምስሉ በነጠብጣብ ይሞላል፤ ቢሆንም ይታያል። ዲጂታል ግን ከተወሰነ ደረጃ በታች ሲወርድ ምስሉ በአራት ማዕዘን ይቆራረጣል፣ ይቆማል፣ ከዚያም ጨርሶ ይጠፋል።

በርሊን በ2003 አናሎግ ስርጭትን በማቆም ቀዳሚ ሆነች፤ አሜሪካ በጁን 12 ቀን 2009፣ ብሪታንያ በኦክቶበር 24 ቀን 2012 ተከተሉ። በ2006 ጄኔቫ ላይ የተደረሰው ስምምነት ለአውሮፓ፣ ለአፍሪካና ለመካከለኛው ምሥራቅ ጁን 17 ቀን 2015ን የአናሎግ ማብቂያ ቀን አድርጎ ቆርጧል፤ ሁሉም አገር ግን በቀኑ አልደረሰም። ቴሌቪዥን የለቀቃቸው ፍሪኩዌንሲዎች በብዙ አገር ለሞባይል ኢንተርኔት ተሰጥተዋል። ዛሬ በስልካችን ድራማ የምናየው በከፊል በእነዚሁ ፍሪኩዌንሲዎች ነው።

[ምስል፦ ስልክ ላይ የሚጀምር ቪዲዮ፤ መጀመሪያ ደብዛዛ፣ ቆይቶ ጥርት ያለ]

በ2007 ኔትፍሊክስ ዲቪዲ በፖስታ ከመላክ አልፎ በኢንተርኔት ማሳየት ጀመረ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ የቢቢሲ የኢንተርኔት ማሳያ አይፕሌየር ሥራ ጀመረ። በኢንተርኔት የሚመጣው ፊልም አንድ ወጥ ፋይል አይደለም። አስቀድሞ በተለያየ ጥራት ብዙ ጊዜ ይዘጋጃል፤ እያንዳንዱም ጥቂት ሰከንድ ወደሚረዝሙ ቁርጥራጮች ይከፈላል። ስልካችሁ አንዱን ቁርጥራጭ እያሳየ ቀጣዮቹን ያስመጣል፤ የመስመሩን ፍጥነት እየለካም የሚቀጥለው በየትኛው ጥራት ይምጣ የሚለውን ይወስናል። ቪዲዮ ስትከፍቱ መጀመሪያ ደብዘዝ ብሎ ቆይቶ የሚጠራው ለዚህ ነው፤ መሣሪያው በትንሹ ጀምሮ መስመሩን ይፈትናል።

መንገዱ ተለወጠ፤ ቅርጹም ተከተለ። በፌብሩዋሪ 2013 ኔትፍሊክስ የአንድ ፖለቲካዊ ድራማ 13 ክፍሎችን በአንድ ቀን ለቀቀ። ሳምንት የሚባል ነገር ከታሪኩ ወጣ። «ባለፈው ሳምንት ምን ሆኖ ነበር» የሚለውን በገጸ ባሕርያት አፍ ማስታወስ አላስፈለገም። ክፍሎቹም እኩል መርዘማቸው ቀረ፤ አንዱ ግማሽ ሰዓት፣ አንዱ ከአንድ ሰዓት በላይ ሆነ። በአሜሪካ 22 እና 24 ክፍል የነበረው ምዕራፍ ወደ 8 እና 10 ወረደ። ይህ ነጻነት ድንቅ ሥራዎችን ሰጥቶናል። በሁለት ሰዓት የሚያልቅ ታሪክ ስምንት ሰዓት ሲጎተት የምናየውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የሚቆርጠው ሰው ጠፍቷል።

መለኪያውም ሌላ ሆነ። በአሜሪካ የተመልካችን ቁጥር የሚለካው ኩባንያ ኒልሰን ለረጅም ጊዜ የሚለካው በተመረጡ ቤቶች ናሙና ነበር፤ ስትሪሚንግ፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚያሳየው አገልግሎት፣ ግን እያንዳንዱ ሰው የትኛው ደቂቃ ላይ እንዳቋረጠ ያውቃል። ለረጅም ጊዜ ግን ይህን ለሠራተኞቹ እንኳ አይገልጽም ነበር። አሁን ወደ ጸሐፊዎቹ ደመወዝ እንመለስ። በቀድሞው አሠራር ዝግጅቱ በተደገመ ቁጥር ጸሐፊው ይከፈለው ነበር። በስትሪሚንግ ሁልጊዜ የሚገኝ ነገር ግን አይደገምም። የአሜሪካ ጸሐፊዎች ማኅበር በ2023 ለ148 ቀን ሥራ ካቆመባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። በስምምነቱም የተመልካችን መጠን ለማኅበሩ መግለጥና፣ አንድ ሥራ በ90 ቀን ውስጥ ከአገር ውስጥ ደንበኞች 20 በመቶው ከተመለከቱት ጭማሪ መክፈል ተካተተ። በእኔ እምነት ዘግይቶ የመጣ ፍትሕ ነው።

ማስታወቂያም ተመልሷል። ኔትፍሊክስ በኖቬምበር 2022 ማስታወቂያ ያለው ርካሽ አማራጭ ጀመረ። ያለ እረፍት የተጻፉ ታሪኮች መሐል ማስታወቂያ ሲገባ መቆራረጡ ይታወቃል፤ ጸሐፊው ለዚያ ቦታ ምንም አላዘጋጀምና።

[ምስል፦ የማሰራጫ ማማ፤ ቀጥሎ የሰርቨር ክፍል]

በሜይ 2025፣ በኒልሰን ልኬት፣ በአሜሪካ ከቴሌቪዥን ስክሪን እይታ ውስጥ የስትሪሚንግ ድርሻ 44.8 በመቶ ደርሶ የመደበኛ ስርጭትንና የኬብልን ድምር ለመጀመሪያ ጊዜ አለፈ። ታዲያ ማማው ለምን ያስፈልጋል?

ማማው አደባባይ ወጥቶ እንደሚለፍፍ አዋጅ ነጋሪ ነው፤ አሥር ሰው ቢሰማው አሥር ሺህ ሰው ቢሰማው ድካሙ ያው ነው። ስትሪሚንግ ግን ለእያንዳንዱ ተመልካች የተለየ ቅጂ ይልካል፤ ተመልካች በጨመረ ቁጥር ሸክሙ ይጨምራል። ኩባንያዎች ሰርቨሮቻቸውን በየአገሩ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ዘንድ አስቀምጠው ይህን ያቃልላሉ፤ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲመጣ ግን ይጨንቃል። ኖቬምበር 15 ቀን 2024 ኔትፍሊክስ የማይክ ታይሰንንና የጄክ ፖልን የቦክስ ግጥሚያ በቀጥታ ሲያሳይ፣ በራሱ መግለጫ በአንድ ጊዜ የተከፈቱት ስርጭቶች 65 ሚሊዮን ደርሰው ነበር፤ ብዙ ተመልካቾችም ምስሉ እየቆመ አስቸግሯቸዋል። መዘግየትም አለ። የቀጥታ ስትሪሚንግ ከማማው ስርጭት ከ20 እስከ 40 ሰከንድ ሊዘገይ ይችላል፤ በስልክ የሚያየው ሰው ጎሉን ከማየቱ በፊት የጎረቤቱን ጩኸት ይሰማል።

የስዊዘርላንድ የሕዝብ ጣቢያ የማማ ስርጭቱን በጁን 2019 ዘግቷል፤ አብዛኛው ሕዝብ ኬብል ወይም ኢንተርኔት ስለነበረው። በብሪታንያ የማማ ስርጭት ፈቃዱ እስከ 2034 የሚቆይ ሲሆን ከዚያ በኋላ ምን ይሁን የሚለው እየተመከረበት ነው። ክርክሩ በወጪ ብቻ እንዳይወሰን እፈልጋለሁ። በማማ ስርጭት ለማየት አንቴናና መቀበያ ይበቃል፤ ወርሃዊ የኢንተርኔት ክፍያ፣ የይለፍ ቃል፣ የግል መረጃ አያስፈልግም። ጎርፍና ማዕበል ሲመጣ የሞባይል መስመር በሚጨናነቅበት ሰዓት ማስጠንቀቂያው ለሁሉም እኩል ይደርሳል። ማማ ለመዝጋት የሚያስብ መንግሥት አስቀድሞ በማማው ስርጭት ብቻ የሚያዩ ሰዎች ከዚያ በኋላ በምን እንደሚያዩ፣ በአደጋ ጊዜም መልእክቱ በየትኛው መስመር እንደሚደርሳቸው በዝርዝር ማሳየት አለበት።