«የኛ ልጅ» የምንለው መቼ ነው?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ፣ ቡናዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። የማወራችሁ ከፓሪስ ኦሎምፒክ ጀምሮ ሲከነክነኝ ስለቆየ ነገር ነው።

2024፣ የሴቶች ማራቶን። እኛ ያለነው ሜሪላንድ ስለሆነ ሩጫው የተጀመረው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። እህቴ ቤት ተሰብስበናል፣ እንቅልፍ የሚባል የለም። መጨረሻ ላይ ትዕግስት አሰፋና ሲፋን ሀሰን ብቻ ቀሩ፣ መታጠፊያው ላይ ተጋፉ፣ ሲፋን በ3 ሰከንድ ቀደመች። የኛ ቡድን አቤቱታ አስገባ፣ ውድቅ ሆነ። ቤቱ ለሁለት ተከፈለላችሁ! አንዱ «እሷም የኛው ናት፣ የአዳማ ልጅ!» ይላል፣ ሌላው «የምን የኛ? የሆላንድ ናት እንጂ!» ብሎ ይጮሃል። መሀል ላይ የእህቴ ልጅ፣ እዚሁ የተወለደው፣ ከስልኩ ቀና ብሎ «ሦስተኛ ብትወጣ ኖሮ የማን ትሆን ነበር?» አለ።

ዝም አልን።

የቱርክ ዝርያ ያለው የጀርመን እግር ኳስ ተጫዋች ሜሱት ኦዚል ትዝ አለኝ። ጌልዘንኪርሸን ተወልዶ ያደገ፣ በ2014 ከጀርመን ጋር የዓለም ዋንጫ ያነሳ ሰው። በ2018 ከቱርኩ ፕሬዚዳንት ከኤርዶጋን ጋር ፎቶ ተነሳ (ፎቶው ለእኔ አልጣመኝም፣ ልዋሽ አልችልም)፣ ጀርመን ከምድቡ ወደቀች፣ ጣቱ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ከብሔራዊ ቡድኑ ሲሰናበት «ስናሸንፍ ጀርመናዊ፣ ስንሸነፍ ስደተኛ ነኝ» አለ። ያኔ «ወይ ፈረንጆች» ብዬ አፌን ሞልቼ ተናግሬያለሁ።

እኛስ? ጌዲዮን ዘላለምን ታስታውሱታላችሁ? በርሊን ከኢትዮጵያውያን ቤተሰብ የተወለደ፣ እዚህ ሜሪላንድ ያደገ፣ ከዚህ አርሰናል የወሰደው። በ2014 መጀመሪያ፣ ገና 16 ዓመቱ፣ ለአርሰናል ዋናው ቡድን ገባ። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ላይ የታዩት ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ነበርና ሁላችንም ሞቅ ብሎናል፣ «ለኛ ይጫወት» ያላለ የለም። ለጀርመን ታዳጊዎች ተጫውቶ ነበር፣ በኋላ የአሜሪካ ዜግነት አገኘ፣ በ2015 ለአሜሪካ ከ20 ዓመት በታች ቡድን ተሰለፈ። በ2017 ጉልበቱን ተጎዳ። ከዚያ በኋላ ቡና ላይ ስሙ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም። እኔም አላነሳሁትም፣ እውነቱን ለመናገር።

ደግሞ «ለምን ለኛ አልመጣም» እያልን የምንቆጣው፣ በሩን ማን እንደዘጋ ሳናይ ነው። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ መታወቂያ ለመኖርና ለመሥራት ይረዳል፣ ዜጋ ግን አያደርግም፣ ፊፋ ደግሞ የሚጠይቀው ዜግነት ነው። የዜግነት አዋጁን፣ በኛ አቆጣጠር በ1996 የወጣውን፣ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ልጁ ውጭ አገር በመወለዱ ሌላ ዜግነት ካገኘ፣ 18 ዓመት ከሞላው በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ያንን ዜግነት ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚመርጥ ካላሳወቀ፣ በፈቃዱ እንደተወው ይቆጠራል። በፈቃዱ! ስንቱ ልጅ ነው ይህ ቀን እንደሚያልፍበት እንኳ የሚያውቀው? የእህቴ ልጅ ሲወለድ እናቱ ገና የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነበራት፣ ስለዚህ ይህ ሕግ እሱንም ይመለከተዋል። አሁን 17 ነው።

ባለፈው ሳምንት ከልምምድ ስመልሰው መኪና ውስጥ እንደ ቀልድ ጠየቅሁት፤ «አንተስ፣ ለማን ትጫወታለህ?»

«አጎቴ፣» አለኝ ካልሲውን እያወለቀ፣ «እስኪ መጀመሪያ የትምህርት ቤቴ አሰልጣኝ ከተጠባባቂ ወንበር ያንሳኝ።»