በ17 በመቶ ድምፅ ሥልጣን መያዝ

ጥያቄ (ከአዳማ በስልክ)፦ ሃንጋሪን ኮሚኒስቶች የያዟት በሩሲያ ታንክ ነው ይባላል። ታዲያ ምርጫ ነበር የሚሉት ውሸት ነው?

መልስ፦ ኧረ ነበር! የኖቬምበር 1945ቱ የምር ምርጫ ነበር (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው)። የአነስተኛ ገበሬዎች ፓርቲ 57 በመቶ አገኘ፤ ኮሚኒስቶቹ 17 በመቶ ገደማ። ግን አገሩን የያዘው የሶቪየት ጦር ነው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሸናፊዎችን ተቆጣጣሪ ኮሚሽን የሚመራው ደግሞ የሶቪየቱ ማርሻል ቮሮሺሎቭ። ስለዚህ ጥምር መንግሥት ይቋቋም ተባለ፤ አገር ውስጥ ሚኒስቴርም ለኮሚኒስቶቹ ተሰጠ። ፖሊሱ እዚያ ነው ያለው። ለእኔ ጨዋታው ያኔ አለቀ።

ጥያቄ (በአጭር መልእክት)፦ የቋሊማ ዘዴ ሲሉ እሰማለሁ። ምን ማለት ነው?

መልስ፦ የኮሚኒስት ፓርቲው መሪ ማቲያሽ ራኮሺ ተቀናቃኞቹን በአንዴ አልዋጣቸውም። እንደ ሳላሚ ቋሊማ በስስ በስሱ ቆረጣቸው። በማርች 1946 የገበሬዎቹ ፓርቲ ሰዎች በግፊት ብዛት 20 የራሳቸውን የምክር ቤት አባላት «አድኃሪ» ብለው አባረሩ። ሰላም ለማግኘት ነበር። በቀጣዩ ዓመት የዚሁ የገበሬዎች ፓርቲ ዋና ጸሐፊ ቤላ ኮቫች በሴራ ተከሰሰ። ምክር ቤቱ ያለመከሰስ መብቱን አላነሳም አለ። ምን ዋጋ አለው? በፌብሩዋሪ 25 ሶቪየቶቹ ራሳቸው ይዘውት ሄዱ። ሜይ ላይ ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፈረንጽ ናጅ ለዕረፍት ስዊዘርላንድ ሳለ ስልክ ተደወለለት። የሴራው ተካፋይ ነህ ተባለ። ትንሽ ልጁ ቡዳፔስት ቀርቶ ነበር። የመልቀቂያ ደብዳቤውን ሰጥቶ ልጁን ተቀበለ። ወላጅ የሆነ ሰው ይፍረደው።

በኦገስት 1947 እንደገና ምርጫ ተደረገ። ከቀዬው ውጪ ላለ መራጭ ሰማያዊ ወረቀት ይሰጠው ነበር። ኮሚኒስቶቹ ሰዎቻቸውን በመኪና ጭነው፣ ወረቀቱን አስይዘው ከመንደር መንደር አስመረጡ። ይህም ሆኖ 22 በመቶ ቢያገኙ ነው! በ1948 ሶሻል ዴሞክራቶቹን ከራሳቸው ጋር አዋሐዱ። በ1949 ድምፅ መስጫው ላይ የቀረው አንድ ዝርዝር ብቻ ነበር።

ጥያቄ (ያው የአዳማው አድማጭ)፦ ላስሎ ራይክስ? ራሳቸው ኮሚኒስቶቹ ናቸው አሉ የሰቀሉት።

መልስ፦ አዎ። ከ1946 ጀምሮ አገር ውስጥ ሚኒስትር የነበረው ኮሚኒስት እሱ ነው። ያ ሁሉ እስር ሲካሄድ ወንበሩ ላይ ነበር። ከሶቪየቶቹ ጋር የተጣላው የዩጎዝላቪያ መሪ የቲቶ ሰላይ ተብሎ በኦክቶበር 1949 ተሰቀለ። ከ7 ዓመት በኋላ፣ ኦክቶበር 6 ቀን 1956፣ አፅሙ ወጥቶ በክብር ተቀበረ። ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጣ። በኮሚኒስቶቹ አገዛዝ ላይ የተነሳው የሃንጋሪ አብዮት የፈነዳው በ17ኛው ቀን ነው።