ያንኑ ጭንቅላት ሁለት ጊዜ አናንሣ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንኳን ለዓለም የራዲዮሎጂ ቀን አደረሳችሁ።

ሮንትገን በፈረንጆቹ 1895 ኤክስሬይን ያገኘበትን ቀን ስናከብር የምናወራው ስለ አዳዲስ ማሽኖች ነው። እኔ ስለሚበሉት ኃይል ላውራ።

የስዊዘርላንዱ ባዝል ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሰውነትን ውስጥ በኤክስሬይ የሚያነሡ 3 የሲቲ እና በማግኔት የሚያነሡ 4 የኤምአርአይ ማሽኖቹን ፍጆታ ለክቶ በፈረንጆቹ 2020 ይፋ አድርጓል። ሲቲው ከሚበላው ኃይል ሁለት ሦስተኛው ገደማ የሚሄደው ታካሚ ሳይኖር፣ እንዲሁ በርቶ ሲጠብቅ ነው። ኤምአርአይ ማግኔቱ መቀዝቀዝ ስላለበት ሌሊትም አያርፍም። ሲቲውን ግን አምራቹ በሚፈቅደው መንገድ ማታ ማጥፋት እንችላለን።

«የኛ መብራት ከግድብ ነው፤ ካርቦን ምን አገባን?» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፣ አብዛኛው ከውሃ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ጄኔሬተር ግን ናፍጣ ነው የሚጠጣው።

ዋናው ጉዳዬ ድጋሚ ምርመራ ነው። በቅርቡ አንዲት እናት ከክፍለ ሀገር ሪፈር ተብለው መጡ። የጭንቅላት ሲቲ ፊልማቸውን በፌስታል ጠቅልለዋል። ልጃቸው ሲዲውን ከደረት ኪሱ አወጣ። የተነሡት በዚያው ሳምንት ነው። ፊልሙን ሰቅዬ አየሁት፤ ጥርት ያለ ነው። የመጡበት ወረቀት ግን «ሲቲ ይደገም» ይላል። ለምን እንደሆነ አልተጻፈም።

«ልጄ፣ የዚያኛው ማሽን ውሸታም ነው እንዴ?» አሉኝ።

ትእዛዙን የጻፈው የኛው ሐኪም ጋ ደወልኩ። ፊልሙን አላየውም። «የውጭ ስለሆነ እዚህ ይነሣ ብዬ ነው» አለኝ። ሲዲውን እንዳይከፍተው፣ ክፍሉ ውስጥ ሲዲ የሚያነብ ኮምፒውተር የለም። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ላይ ነበርን።

የውጭ ማለት ምን ማለት ነው? ያነሣቸው ባለሙያ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል! አንድ ክፍል ተምረን፣ አብረን ተመርቀን፣ አንዳችን የሌላችንን ሥራ አናምንም? የሕመምተኛው ሁኔታ ሲለወጥ መድገም ግዴታ ነው፤ እሱን ማንም አይከራከርም። ያለ ምክንያት ግን ጨረር፣ ያለ ምክንያት ብር፣ ያለ ምክንያት ናፍጣ! በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ የከለከለች ሀገር፣ ያንኑ ጭንቅላት በጄኔሬተር ሁለት ጊዜ ታነሣለች!

ስለዚህ ጤና ሚኒስቴርን የምጠይቀው መመሪያ ነው። ሪፈር የሚባል ታካሚ ምስሉ አብሮት ይሂድ። «ይደገም» የሚል ሐኪም ምክንያቱን ይጻፍ። ማሽን ሲገዛም ሥራ ፈቶ ሲቆም የሚበላው ኃይል ጨረታው ላይ ይጠየቅ።

መመሪያው እስኪወጣ ግን ከነገ ጀምሮ ምክንያት ያልተጻፈበት ድጋሚ ትእዛዝ ሲመጣላችሁ፣ ማሽኑን ከማስነሣታችሁ በፊት ስልክ ደውሉ።

አመሰግናለሁ።