እማዬ ትከሻ ላይ የቀረችው እጅ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ኮሽ ኮሽ የሚል ነገር ከሰማችሁ ወረቀት ነው። ጠረጴዛዬ ላይ መቀስ፣ ማስመሪያና የእማዬ ፎቶዎች ተበትነዋል።

ስክራፕቡክ የጀመርኩት እዚሁ ሜሪላንድ ነው። ፎቶ አልበም ውስጥ ከመሰካት ትንሽ ይለያል፤ ገጹን ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ። በአራቱም ጎን 12 ኢንች፣ ማለትም 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ወፍራም ወረቀት ላይ ፎቶው፣ ርዕሱና ጽሑፉ የት የት እንደሚቀመጥ መወሰን የእናንተ ፋንታ ነው።

በወር አንድ ቅዳሜ ከጥቂት ሴቶች ጋር እንገናኛለን። አንዷ በእርሳስ የተሠራ ንድፍ ታመጣለች፤ ስኬች ነው የሚሉት። ጎን ለጎን ሦስት ሳጥን፣ ከላይ ለርዕስ ባዶ ቦታ፣ ከታች ለጽሑፍ አራት መስመር። በቃ። ሁላችንም ያንኑ በስልካችን አንስተን እንሄዳለን። በወሩ የሠራነውን ይዘን እንመጣለን።

መጀመሪያ ናቅሁት። ኩረጃ መሰለኝ። ከዚያ ስድስታችን የሠራነው ጠረጴዛ ላይ ሲደረደር አየሁ። አንዷ ንድፉን 90 ዲግሪ አዙራው፣ ሳጥኖቹ ከላይ ወደ ታች ወርደዋል። ሌላዋ ሦስቱን አዋህዳ አንድ ትልቅ ፎቶ አስገብታለች። አንዷ ጭራሽ በፎቶ ፈንታ የአውቶቡስ ትኬት ለጥፋለች። ካልነገሩኝ የአንድ ንድፍ ልጆች መሆናቸውን አላውቅም ነበር።

ያኔ አያቴ ትዝ አሉኝ። ቁም ጸሐፊ ነበሩ። የብራናውን ጠርዝ በወስፌ ወጋ ወጋ ያደርጉና፣ ከነጥብ ነጥብ መስመር ያሰምራሉ። ብዕር የሚያነሡት ከዚያ በኋላ ነው። ዳዊትም ይሁን ተአምረ ማርያም፣ መስመሩ ይቀድማል። ኩረጃ ያላቸው ሰው የለም።

አሁን ጥፋቴን ልንገራችሁ።

አንድ የእማዬ ፎቶ አለ። ጥቁርና ነጭ፣ ነጩ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆራረጠ፣ የድሮ ፎቶ ቤት ሥራ። ወደ ጎን ሰፋ ይላል። የንድፉ ሳጥን ደግሞ እኩል በእኩል ነው። በስተግራ የማላውቃት ሴት ቆማለች። መቀሱን አነሣሁና ቆረጥኳት። ፎቶው ሳጥኑ ላይ ልክክ አለ። ደስ አለኝ እንኳ! ማታ ቁጭ ብዬ ሳየው እማዬ ትከሻ ላይ አራት ጣቶች አሉ። ባለቤት የሌለው እጅ።

አዲስ አበባ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ፎቶው ላይ አብራሽ ያለችው ማናት?»

«የቷ? ነጠብጣብ ቀሚስ የለበሰችው?»

«አዎ።»

«ሚዜዬ ናት እንጂ! የፎቶውን ብር የከፈለችው ራሷ ናት። ምነው?»

«ምንም፣ ዝም ብዬ ነው።»

ቁራጩን ከቆሻሻ ቅርጫቱ ለቅሜ አወጣሁት። ደግነቱ ቆሻሻ የሚወጣው ማክሰኞ ነው። ገልበጥ ሳደርገው ጀርባው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፎበታል። እማዬ ጋ «ለማስ» ቀርቷል፣ ሚዜዋ ጋ «ታወሻ»። ከሥሩ 1967 ዓ.ም.።

ከዚያ በኋላ የቆረጥኩት ንድፉን ነው። ሁለቱን ሳጥን አንድ አድርጌ ሁለቱን ቁራጭ ጎን ለጎን አጋጠምኳቸው። ሙጫ አልነካኋቸውም። እነዚያን ገጻቸው የሚጣበቅ፣ ላያቸው ፕላስቲክ የሆነ አልበሞች ታውቋቸው የለ? የእማዬ ሌሎች ፎቶዎች እዚያ ተጣብቀው ሙጫው ቢጫ ሆኗል፤ አሁን በጥርስ ክር እየፈለቀቅሁ ነው። በነገራችን ላይ፣ ጸሐፊው ማርክ ትዌይን በፈረንጆቹ 1873 ሙጫ የተቀባ፣ ሲርስ የሚጣበቅ ስክራፕቡክ በፈጠራ መብት አስመዝግቧል። እኔ ግን ሙጫ በቅቶኛል። ፎቶዎቹን ጥጋቸውን በሚይዝ የወረቀት ኪስ ነው ያስቀመጥኳቸው፤ የፈለገ አውጥቶ ጀርባቸውን ያነባል።

አራቱ የጽሑፍ መስመር ላይስ? የምጽፈው ጠፍቶኝ ነበር። የጀርባውን ጽሑፍ ኮፒ አድርጌ እዚያ አስገባሁት።

ርዕሱም «ለማስታወሻ» ሆነ። ሱቅ የሚሸጡት ተለጣፊ ፊደሎች የእንግሊዝኛ ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ አትሜ በምላጭ ቆረጥኩ። ወገኖቼ፣ «ማ» እና «ወ» ሁለቱ ብቻ አራት ቀዳዳ አላቸው! «ወ» ሦስት ጊዜ ተቀደደብኝ።

እሁድ በቪዲዮ ለእማዬ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ስልኩን አፍንጫዋ ሥር አስጠግታ አየችው። ዝም አለች። ከዚያ፣ «ምነው መሐላችን ላይ መስመር አለ?» አለችኝ።

«ኔትወርኩ ነው» አልኳት።