ቀልብና ከልብ

(በዐረብኛ የማታ ትምህርት መክፈቻ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ የማወራው ስለ ጉሮሮና ስለ ምላስ ነው፤ ሰዋስው ይቆየን። ከዓመታት በፊት፣ ዐረብኛ ቻልኩ ብዬ ደረቴን በምነፋበት ጊዜ፣ ጅዳ ገበያ ገብቼ የደረቀ በለስ ልገዛ ፈለግሁ። በለስ በዐረብኛ "ቲን" ነው። እኔ ግን ዐረብ መምሰል አማረኝና "ቲ"ዋን አክብጄ "ጢን አለህ?" አልኩት። ሻጩ ጫማዬን አየ፣ ቀና ብሎ ፊቴን አየ፣ ከዚያ "ዝናብ ሲዘንብ ና" አለኝ። ለካ ጢን ጭቃ ነው።

በዐረብኛ የቃሉን ትርጉም የተሸከመው ተነባቢው ነው። ከተበ "ጻፈ" ነው፤ ካቲብ ጸሐፊ፣ ኪታብ መጽሐፍ፣ መክተብ ቢሮ፣ መክቱብ የተጻፈ። አናባቢው እየተለዋወጠ ቃል ያረባል፤ ከ፣ ተ፣ በ ግን ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ሰበረ፣ ሰባሪ፣ ስብራት፣ ተሰበረ እያልን ነው ያደግነው። ማጥበቅና ማላላትም ቢሆን አብሮን የኖረ ነው። "ደረሰ" ላልቶ ሲነገር በዐረብኛ "ተማረ" ነው፤ ረ ሲጠብቅ "አስተማረ" ይሆናል። እነሱ ለማጥበቂያው ሸዳ የሚባል ምልክት አላቸው፤ እኛ "ገና"ን ጽፈን በዓሉ ይሁን "ገና ነው" የሚለው፣ አንባቢው ራሱ ይወቀው ብለን እንተወዋለን።

ታዲያ ከሦስቱ ተነባቢ አንዷ ከሳተች ቃሉ ሌላ ቤት ይገባል። ቀልብ ልብ ነው፤ አማርኛም "ቀልቤን ሳበው" የሚለውን ከዚያው ተውሷል። ከልብ ደግሞ ውሻ ነው፤ በግእዝም እንዲሁ። እናም ለዐረብ ወዳጃችሁ በአማርኛ "ከልቤ አመሰግናለሁ" ስትሉት፣ እሱ ጆሮ የገባው "ውሻዬ" ሊሆን ስለሚችል ፊቱ ቢለዋወጥ አይግረማችሁ።

እነዚህን ድምፆች ከምንጫቸው ለመያዝ የተነሱት ሰዎች ሥራ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። በ8ኛው መቶ ዘመን ባስራ ውስጥ የኖረው አል ኸሊል ኢብን አሕመድ መዝገበ ቃላቱን ያሰናዳው በተለመደው የፊደል ተራ አይደለም። ድምፁ ከአፍ ውስጥ በሚወጣበት ቦታ ተራ ነው፤ ከጉሮሮ ተነስቶ ወደ ከንፈር። ዘዴው ቀላል ነበር፦ "አ" ብሎ አፉን ይከፍትና ፊደሉን ሳድስ አድርጎ ያስከትላል። አብ፣ አት፣ አሕ፣ አዕ። ምላስ የቆመበት፣ ጉሮሮ የጠበበበት ቦታ የዚያ ድምፅ መውጫ ነው። መጀመሪያ ያስቀመጠው ዐይንን ስለሆነ መጽሐፉም በዚችው ፊደል ስም ይጠራል። ደቀ መዝሙሩ ሲበወይህ፣ ፋርስ ሆኖ የዐረብኛን ሰዋስው የጻፈው ሰው፣ መውጫዎቹን 16 አላቸው፤ በ1429 እ.ኤ.አ. ያረፈው የቁርአን ንባብ ሊቅ ኢብኑል ጀዘሪ 17 ብሎ ቆጠረ፤ ቁርአን አቅሪዎች፣ ማለትም ንባቡን የሚያስተምሩት፣ ዛሬም በብዛት የሚይዙት የእሱን ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ፊደል እንመለስ። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ልጅ ሆነን "አንድ ድምፅ ከሆኑ ለምን ያስጠኑናል?" ብለን ተማርረናል። ዐረብኛ ሲጀመር መልሱ ይመጣል። የግእዙ አሐዱ የዐረብኛው አሐድ ነው፤ ሐመሩ ሐ በትክክል እዚያ አለ። ኀምስቱ ኸምሳ ነው፤ ብዙኃኑ ኀ። ፀሐይ ደግሞ ከ"ዱሓ"፣ ማለትም ፀሐይ ከፍ ከምትልበት ረፋድ ጋር ዘመድ ነው፤ የእኛ ፀ በነሱ ዘንድ ዷድ የምትባለው ፊደል ነች። ዐይንማ በሁለቱም የፊደል ስም ነው፣ በሁለቱም ማያችን ነው። የአማርኛ አፍ የጣላቸውን ድምፆች የአማርኛ ጽሕፈት እስካሁን ተሸክሟቸው ይኖራል። ትግርኛ ሐንና ዐን ከነድምፃቸው ይዟል፤ አጠገባችሁ ትግርኛ ተናጋሪ ከተቀመጠ ዛሬውኑ ወዳጅ አድርጉት።

የሚያስቸግሩን ግን የማናውቃቸው ድምፆች ብቻ አይደሉም፤ የምናውቅ የሚመስለን ይብሳል። ሷድ፣ ዷድ፣ ጧ፣ ዟ የሚባሉትን አራቱን ከባዶች ውሰዱ። እስቲ ጣታችሁን ማንቁርታችሁ ላይ አድርጉና "ጠ" በሉ። ወደ ላይ ዘለለ አይደል? ትንፋሹ ጉሮሮ ላይ ታፍኖ ስለሚፈነዳ ነው። የዐረቡ ጧ እንዲህ አይዘልም። የምላስ ጫፍ የላይ ጥርስ ሥር ላይ ያርፋል፣ የምላስ ጀርባ ወደ ላንቃ ይነሳል፣ አፍ ውስጡ እንደ ጋን ይሞላል፤ ፍንዳታ የለም። ክብደቱም የሚሰማው በተከታዩ አናባቢ ላይ ነው። "ሰይፍ" እንደኛው ሰይፍ ነው፤ በሷድ ሲሆን ግን የበጋው ሙቀት ወራት ነው፣ አናባቢውም ወደ "ኦ" ያዘነብላል። አባቶቻችን ይህን በደንብ ሰምተውታል። ሷድ በአፋቸው ባይኖርም ክብደቱን አናባቢው ላይ ጭነው ሶላት፣ ሶሓባ (የነቢዩ ባልደረቦች) አሉ። ከአራቱ ጧን ብቻ በራሳችን ጠ ተቀብለን ሱልጣን አልን፤ ዷድ በረመዳን ደ ሆነች፣ ዟ በዙህር፣ በቀትሩ ሶላት ስም፣ ዘ ሆነች። ለአማርኛ ይህ ይበቃል፣ ነውርም የለበትም። ዐረብኛ ስትናገሩ ግን ጠ፣ ጸ፣ ቀን ከቤት ይዛችሁ አትምጡ። ቃፍም ብትሆን የምትወጣው ከእንጥል አካባቢ እንጂ እንደኛ ቀ ፈንድታ አይደለም።

ሌላው ቀስ እያለ ይመጣል። ከ28ቱ የዐረብኛ ፊደላት 14ቱ ከስም ፊት የሚቀጠለውን የ"አል"ን ለ ውጠው ራሳቸው ይጠብቃሉ፤ ፀሐይ አሽሸምስ ትባላለች፣ ጨረቃ ግን አልቀመር። እኛም "ይጠራል" ስንል ተን ውጠን ጠን እናጠብቃለን፤ ማንም ሳያስተምረን። ቃፍ፣ ጧ፣ ባ፣ ጂም፣ ዳል ደግሞ ቃል መጨረሻ ላይ ሲቆሙ እንደ ኳስ ነጠር ይላሉ፤ የ"አሐድ"ን መጨረሻ ልብ ብላችሁ ስሙ።

ንግግሬ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ትምህርቱ ግን አሁኑኑ ይጀምራል፣ እንደ አል ኸሊል ከዐይን። ማስታወሻ ደብተሩን ለጊዜው ዝጉት። አፋችሁን ክፈቱ፣ ጉሮሯችሁን ጠበብ አድርጉ፣ አንድ ላይ፦ አዕ።