ከመሬት ሊወጡ ነው፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ጓሮ ውስጥ ሲካዳ ስንጠብቅ

ሰላም፦ እንደምን አላችሁ ወዳጆቻችን። ዛሬ ግንቦት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኔ ቤት ጓሮ ቁጭ ብለን ነው የምንቀዳው። የወፍ ድምፅ ከሰማችሁ እውነተኛ ወፍ ናት።

ዳዊት፦ ብርዱም እውነተኛ ነው። በግንቦት ጃኬት ለብሻለሁ።

ሰላም፦ እሱ ብርድ ነው ያቆየብን። የዛሬው ርዕሳችን ሲካዳ ነው፤ 17 ዓመት መሬት ውስጥ ኖሮ በአንድ ጊዜ የሚወጣው ባለ ክንፍ ነፍሳት። መቼ ይወጣሉ፣ በምን እናውቃለን፣ ምን እናድርግ። ሰፈሩ በሙሉ እየጠበቀ ነው። ጎረቤቶቼ ጠዋት ውሻ ይዘው ሲያልፉ «አየሽ እንዴ?» ነው የሚሉኝ። ሌላ ሰላምታ የለም።

ዳዊት፦ እኔ ሰፈር ማንም ነገሬ አላለውም።

ሰላም፦ ምክንያት አለው፣ እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ግን የካርዱን ነገር ላውራ።

ዳዊት፦ የካርዱ! አዎ፣ እሱን ሳትነግሪያቸው ወዴትም አንሄድም።

ሰላም፦ እንደ ፈረንጆቹ በ2004 ማርች ላይ ነው እዚህ አገር የገባሁት። አክስቴ ቤት፣ ቤዝመንት ውስጥ ነበርኩ። ከዚህ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ሜይ ላይ አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ ከአውቶቡስ ወረድኩ፤ እግሬ ሥር ቀሽ፣ ቀሽ አለ። ቅጠል መሰለኝ። ግን በግንቦት ምን ቅጠል ይረግፋል? ቀና ስል የመንገዱ መብራት ዛፉ ላይ አርፏል። ግንዱ ይንቀሳቀሳል።

ዳዊት፦ ኧረ በስማም።

ሰላም፦ ቀረብ ብዬ አየሁ። ቡናማ ነገር ግንዱን ጨብጦ ይወጣል። አንዱ ዓይኔ እያየ ቆመ። ጀርባው ላይ ተሰነጠቀ። ከውስጡ እንደ ወተት የነጣ ነገር ወደ ኋላ እየተገለበጠ ወጣ። ዓይኑ ቀይ ነው። ክንፉ ገና እርጥብ፣ ጭምድድ ያለ፣ ታጥቦ እንደተጨመቀ ነጠላ። ከዚያ ቀስ እያለ ተዘረጋ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ቀስቃሽ አልነበረኝም፣ ብቻዬን ነኝ።

ዳዊት፦ ከዚያ ወደ ስልኩ።

ሰላም፦ ከዚያ ወደ ስልኩ ሮጥኩ። የአምስት ዶላር ካርድ ነው። ያኔ እየፋቅን ነበር የምንደውለው፣ ታስታውሳለህ። እዚህ ማታ ነው፣ ደሴ ከለሊቱ 11 ሰዓት። እማዬ አነሳች። «እማዬ፣ ከመሬት እየወጡ ነው! በሺህ ነው የሚቆጠሩት! ዓይናቸው ደም ይመስላል!» አልኳት። ካርዱ አለቀ።

ዳዊት፦ በዚያው!

ሰላም፦ በዚያው። ሌላ ካርድ የለኝም፣ ሱቅ ተዘግቷል። በነጋታው ስደውል እማዬ ለሊቱን ስታለቅስ አድራለች። ሲነጋ ሚካኤል ሄዳ ጥላ ተስላለች። ጎረቤት ቤቷ ተሰብስቧል። «ልጄን ምን ዓይነት አገር ነው የላክኋት?» ትላለች። ጥላውን በኋላ አስገባች፣ ስለት ነውና።

ዳዊት፦ ከዚያስ ስትነግሪያቸው ተረጋጉ?

ሰላም፦ አላስረዳኋትም እኮ። እዚህ ሰው «የ17 ዓመት አንበጣ» ነው የሚለው። እኔም እንደ ሰማሁት «አንበጣ ነው አሉ» አልኳት። ባሰ! እማዬ የወሎ ልጅ ናት። አንበጣ ለእሷ ተረት አይደለም። ባለፈው ጥቅምት ራያ ቆቦ የወንድሟን ማሽላ የጨረሰው አንበጣ ነው። ሰው ጅራፍ እያጮኸ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ፣ ዓይኑ እያየ ነው ያለቀበት። እሷ እዚህ ሆና በስልክ ሰማች። እንግዲህ አሁን ልጄ መጥታ «አያቴ፣ ደስ ይበልሽ፣ በሚሊዮን ሊመጡ ነው» ስትላት አስበው።

ዳዊት፦ እማማ ምን አሉ?

ሰላም፦ «በአንበጣ ደስ የሚለው ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለች። መልስ አጣሁ። ለዚህ ነው ይህን ውይይት የፈለግሁት። አንበጣ አይደለም። በፍጹም። አንበጣ የፌንጣ ዘመድ ነው፣ አፉ ይቆርጣል፣ ያኝካል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሸፈነ መንጋ በቀን 35,000 ሰው የሚበላውን ያህል ይበላል። ሲካዳ ማኘኪያ የለውም። አፉ ቀጭን መምጠጫ ነው። 17 ዓመት ከመሬት በታች ከዛፍ ሥር ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ሲመጥ ይኖራል። ሲወጣ አራት፣ ግፋ ቢል ስድስት ሳምንት ይኖራል። ይዘፍናል፣ ይጋባል፣ ይሞታል። አይናከስም፣ አይናደፍም።

ዳዊት፦ እሺ፣ ግን የእኔን ችግር ታውቂያለሽ። የወንድሜ መልስ ጁን 5 ነው። ታኮማ ፓርክ፣ የሙሽራዋ ወላጆች ጓሮ። በኮሮናው ምክንያት አዳራሽ ትተን ውጪ አደረግነው። አሁን ደግሞ ይሄ። ክትፎው ላይ ሲወድቅ ይታይሽ።

ሰላም፦ ቀኑን ግፉት።

ዳዊት፦ ወዴት? ጁን 20 ጰራቅሊጦስ ነው፣ በማግስቱ የሐዋርያት ጾም ይገባል። ሁሉም ሰው ሠርጉን በዓለ ሃምሳ ውስጥ አጭቆታል።

ሰላም፦ እንግዲያው ማታ አድርጉት። የሚጮኹት ወንዶቹ ብቻ ናቸው፣ እሱም ቀን ቀን ነው። ሆዳቸው ጎን ላይ እንደ ከበሮ ያለ ስስ ነገር አላቸው፣ እሱን ነው የሚያርገበግቡት። ፀሐይ ስትጠልቅ ጸጥ ይላሉ።

ዳዊት፦ ጸጥ ይበሉ እንጂ ዛፉ ላይ አሉ። እኔ ድንኳን ነው የምለው።

ሰላም፦ ድንኳን ጥሩ ነው። ግን ሰው ወጥቶ ይያቸው እንጂ ዳዊት። የሚቀጥለው እንደ ፈረንጆቹ 2038 ነው! የወንድምህ ልጅ ያኔ ሃይስኩል ትሆናለች።

ዳዊት፦ ገና ሳይወለዱ አሳደግሻቸው። የእኔን ሰፈር ልትነግሪኝ ነበር።

ሰላም፦ አዎ። አንተ ክላርክስበርግ ነህ። ሰፈሩ አዲስ ነው፣ ቤቶቹ ሲሠሩ መሬቱ ተገፍቶ ተደልድሏል። ሲካዳ ደግሞ ሩቅ አይሄድም፤ እንቁላሉ የተጣለበት ዛፍ ሥር ነው የሚኖረው። ዛፉ ከተቆረጠ፣ አፈሩ ከተዛቀ፣ አለቀ። የእኔ ሰፈር ቤቶች አሮጌ ናቸው፣ ይሄ ኦክ ከቤቱ ይበልጣል። ስለዚህ በአንድ መንገድ መሬቱ ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ ቀጥሎ ባለው አንድም የለም። በሞላበት ቦታ በአንድ ኤከር እስከ 1.5 ሚሊዮን ይደርሳል።

ዳዊት፦ ሚሊዮን ተኩል! ድንኳን አልኩሽ።

ሰላም፦ ቆይ፣ ስለ ባኔከር ልንገርህ። ቤንጃሚን ባኔከር። እንደ ፈረንጆቹ በ1731 እዚሁ ሜሪላንድ፣ ባልቲሞር አካባቢ የተወለደ ጥቁር ነው። ነፃ ሰው፣ ገበሬ፣ የሰማይ ቆጠራ የሚያውቅ። ኋላ ዋሽንግተን ዲሲ ስትለካ ቀያሾቹን ያገዘ። በ1749 የ17 ዓመት ልጅ ሆኖ እነዚህን አየ። ምን እንዳሰበ ጽፏል። ሰብሉን በልተው ረሃብ ሊያመጡ መሰለው። መግደል ጀመረ። ብዙ ሳይቆይ ልፋቱ ከንቱ እንደሆነ ገባው።

ዳዊት፦ ልክ እንደ እማማ!

ሰላም፦ ልክ እንደ እማዬ! እሱ ግን ጠበቀ። በ1766 መጡ። በ1783 መጡ። በ1800 ይመጣሉ ብሎ ጻፈ። ከዚያ 17፣ 17 እያልክ ቁጠር፤ 2021 ላይ፣ ዘንድሮ ላይ ትደርሳለህ። እሱ ያያቸው የሲካዳዎች ዘሮች ናቸው ከእግራችን ሥር ያሉት። ይህን ለእማዬ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝ። «ገበሬ ነው ያልሽኝ?» አለች። አዎ አልኳት። «ገበሬ እንኳ ካሳለፋቸው…» ብላ ተወችው።

ዳዊት፦ እና ግን እንዴት ነው 17 የሚቆጥሩት? መሬት ውስጥ፣ ጨለማ ውስጥ?

ሰላም፦ በዛፉ! ዛፍ በዓመት አንዴ ሲያብብ ከሥሩ የሚመጥጡት ፈሳሽ ይለወጣል። ካሊፎርኒያ ያሉ ተመራማሪዎች የኮክ ዛፍ በዓመት ሁለቴ እንዲያብብ አደረጉ። ሥሩ ላይ የነበሩት ሲካዳዎች አንድ ዓመት ቀድመው ወጡ። ዓመት ሳይሆን አበባ ነው የሚቆጥሩት ማለት ነው። ኮክ ስልህ፣ እማዬ አምና የተከለችው ኮክ አለ፣ ያው፣ መረብ ያለበሰችው።

ዳዊት፦ ለምን አለበሱት? ምንም አይነኩም አልሽ እኮ።

ሰላም፦ ቅጠል አይበሉም ነው ያልኩት። ሴቷ ቀጭን ቅርንጫፍ ሰንጥቃ እንቁላል ትጥላለች። ትልቅ ዛፍ ጫፉ ይደርቃል እንጂ ምንም አይሆን። ትንሽ ችግኝን ግን ትጎዳለች። ቀዳዳው ከአንድ ሴንቲ ሜትር የጠበበ መረብ ማልበስ ይበቃል።

ዳዊት፦ ስለዚህ እማማ ትክክል ናቸው።

ሰላም፦ በኮኩ ትክክል ናት። በአንበጣው አይደለችም።

ዳዊት፦ በኮኩ ግን ትክክል ናቸው።

ሰላም፦ እሺ፣ በኮኩ። አሁን ወደ ርዕሳችን። መቼ ይወጣሉ? አፈሩ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ 64 ፋራናይት ሲደርስ ነው። ወደ 18 ሴልሺየስ ማለት ነው። በዚያ ላይ ሞቅ ያለ ዝናብ ከጣለ፣ ያን ማታ ጠብቅ። ልጄ ጉድጓድ ቆፍራ በሥጋ ቴርሞሜትር በየቀኑ ትለካለች። ሰኞ 58። ትናንት 60። ደብተር ላይ ትጽፋለች። እዚህ ና እስቲ፣ እየው። እነዚህን ቀዳዳዎች አየሃቸው?

ዳዊት፦ እርሳስ የተሰካባቸው ይመስላሉ። ይሄኛው ደግሞ ዙሪያው በጭቃ ተገንብቷል፣ እንደ ትንሽ ጭስ ማውጫ።

ሰላም፦ እነሱ ናቸው። በሩ ጋ ደርሰዋል። ባለፈው ወር ጎመን ስተክል አንዱ በእጄ ወጣ። ከብዶ ይሰማል። የፊት እግሮቹ እንደ ዶማ ናቸው፣ መዳፌን ሊቆፍር ይሞክራል። ዓይኑ ገና ድሮ ቀልቷል። ልጄ 16 ዓመቷ ነው። «እማ፣ ይሄ እኮ ታላቄ ነው» አለችኝ። መልሰን ቀበርነው።

ዳዊት፦ ታላቄ! እውነቷን ነው። እማማስ አሁን ምን ይላሉ?

ሰላም፦ ማታ ማታ ዛፉ ሥር ቡና እናፈላለን፣ እየጠበቅን። የመጀመሪያ ቀን «ወንበሬን ከዚህ ዛፍ ሥር አንሱልኝ» አለች። አራቅንላት፣ እዚያ አጥሩ ጋ። ትናንት ከሥራ ስመጣ ወንበሩ እዚህ ነው። ልጄን ጠየቅኋት፣ አልነካሁም አለች።

ዳዊት፦ ራሳቸው መለሱት?

ሰላም፦ ራሷ። ጀርባዋን ለግንዱ ሰጥታ ነው የምትቀመጠው፣ ግን እዚህ ነው።

ዳዊት፦ ያው መጣች ልጅሽ። ስንት ነው ዛሬ?

ሰላም፦ ስንት አለሽ? … 61።