ፌንጣ 1፣ ፌንጣ 2፣ ፌንጣ 3

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ የማወራውም ስለ ፌንጣ ነው። አትሳቁ።

ጥቅምት ላይ ቦንጋ አካባቢ፣ ጫካ ዳር አደርኩ። መብራት ጠፍቷል። ጫካው ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲንጫጫ ነው ያደረው። መጀመሪያ አንድ ድምፅ መሰለኝ። ጆሮዬ ሲለምድ ሦስት ሆነ። አንዱ ሳያርፍ ይንጫረራል፣ አንዱ ጭርር ብሎ ያቆማል፣ አንዱ ደግሞ በየመሃሉ እንደ መዝጊያ ሲጥ ይላል።

አንዱን በስልኬ ባትሪ አሳድጄ የሻይ ብርጭቆ ደፋሁበት። ቡናማ ነው፣ ጥፍሬን ቢያህል ነው። ግንባሩ ላይ ያሉት ክሮች ከራሱ ይረዝማሉ። የፊት እግሩ ላይ፣ ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ፣ የስፒል ራስ የምታህል ነጥብ አለች። ጆሮው ናት! ሴት ቢሆን ከኋላው መርፌ የመሰለ የእንቁላል መጣያ ይኖረው ነበር። የሚዘፍነውም ወንዱ ነው፤ በአፉ ሳይሆን ክንፉን ከክንፉ እያፋተገ። አንዱ ክንፍ ሥር እንደ ሞረድ የተጠረበ ጅማት አለ፣ የሌላው ጠርዝ ይፍቀዋል።

እሺ፣ ግን የትኛው ነው? ፎቶ ከፎቶ ሳመሳክር አነጋሁ። ሁሉም አንድ ናቸው።

በኋላ ስለ ሃዋይ ደኖች አነበብኩ። እዚያ ላውፓላ የሚባሉ፣ መብረር የማይችሉ ፌንጣዎች አሉ። 38 ዝርያ። ስታዩዋቸው ግን የአንድ እናት ልጆች ናቸው። በዋናነት የሚለዩት በዘፈናቸው ምት ነው። ኮሃሌንሲስ የተባለው በሰከንድ ወደ 3.7 ጊዜ ይመታል፣ ፓራኒግራ ደግሞ 0.7 ገደማ። አንዱ አንዴ ብሎ እስኪደግም ሌላው አምስቴ ጨርሷል። ሴቶቹም በዚሁ ነው የሚመርጡት፤ ምቱ ካልጣማት ዞር ብላ አታየውም።

ደስ ብሎኝ የስልኬን ቅጂ መቁጠር ጀመርኩ። ከዚያ ነው የነቃሁት። ፌንጣ ሲበርደው ምቱ ይዘገያል። ዶልቤር የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ ሰው በ1897 ቀመር ሠርቶለታል፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ማለቴ ነው። የአየሩ ሙቀት ካልተመዘገበ ቅጂው ለማወዳደር አይሆንም። እኔ ቴርሞሜትር ይቅርና ጃኬት እንኳ አልያዝኩም። ባለሙያ የሚጠይቀኝን ናሙናም፣ አሳዝኖኝ፣ ብርጭቆውን አንስቼ ለቅቄዋለሁ። ጀግና!

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። አማርኛ እህላችንን ለሚበላው ስም አላነሰውም። ትንቢተ ኢዩኤልን ክፈቱ፦ ተምች፣ አንበጣ፣ ደጎብያ፣ ኩብኩባ። አራቱም በአንድ ቁጥር። እኔ ባደግኩበት ሰፈር ግን ቀን ሣር ላይ የሚዘለውም ፌንጣ፣ ሌሊት የሚዘፍነውም ፌንጣ ነው። ስም ለማግኘት የግድ ማሳ ማውደም አለበት እንዴ?

ስልኬ ላይ ፌንጣ 1፣ ፌንጣ 2፣ ፌንጣ 3 ብዬ አስቀምጫቸዋለሁ። ከፋ ያላችሁ አድማጮች፣ እባካችሁ ትልልቅ ሰዎችን ጠይቁልኝ፤ በካፊ ኖኖ ምን ይሏቸዋል? አሁን ሦስተኛውን ልልቀቅላችሁ። መጀመሪያ የምትሰሙት ሳል የእኔ ነው።